ስድስት ፓውንድ ኩባንያ አያቆምም፦ የስቴፈኒ ሸርሊ ታሪክ ለሥራ ፈጠራ ጥናት የሚያነሣው ጥያቄ

መግቢያ

ስለ ሥራ ፈጣሪዎች የሚቀርቡ ጽሑፎች ከሞላ ጎደል አንድ መንገድ ይከተላሉ። ባለታሪኩ ከባዶ ይነሣል፤ መከራ ይገጥመዋል፤ በጽናትና በብልሃት ያልፈዋል፤ በመጨረሻም ሀብትና ክብር ያገኛል። ባለታሪኳ ሴት፣ በዚያም ላይ ስደተኛ ስትሆን ተረኩ ይበልጥ ይደምቃል። ተመራማሪውም በበኩሉ ከዚህ ተረክ «ቆራጥነት»፣ «ተስፋ አለመቁረጥ»፣ «ለአደጋ መጋለጥን አለመፍራት» የሚሉ የስኬት ምክንያቶችን ነቅሶ በሰንጠረዥ ያስቀምጣል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አመለካከት ይህ አካሄድ ከሚገልጠው የሚሸፍነው ይበልጣል የሚል ነው። ጽናት እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ጽናት ብቻውን ኩባንያ ቢሠራ ኖሮ ዓለም በስደተኛ ሴቶች ኩባንያዎች በተሞላች ነበር። ስለዚህ ልንጠይቅ የሚገባው ባለታሪኳ «ምን ዓይነት ሰው ናት?» ብቻ ሳይሆን «ሌሎች የጣሉትን የትኛውን ሀብት አነሣች? ለማንሣት ያስቻላትስ ምን ነበር?» ብለን ነው። ይህን ሙግት ለመፈተን የብሪታንያን የሶፍትዌር ኢንዱስትሪ ከመሠረቱት ሰዎች አንዷ የሆኑትን የዴም ስቴፈኒ ሸርሊን ታሪክ እንመለከታለን። ከኢትዮጵያ አዋጆች ቁጥር በቀር በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ በአጭሩ

ሸርሊ በ1933 ዓ.ም በጀርመን አገር በዶርትሙንድ ከተማ ቬራ ቡክታል በሚል ስም ተወለዱ። አባታቸው አይሁዳዊ ዳኛ ነበሩ። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ቤተሰቡ መሸሽ ግድ ሆነበት። በ1939፣ ገና የአምስት ዓመት ሕፃን ሳሉ፣ ከዘጠኝ ዓመት እኅታቸው ጋር ወላጆቻቸው በባቡር አሳፍረው ወደ እንግሊዝ ላኳቸው። ያ ጉዞ «ኪንደርትራንስፖርት» በመባል የሚታወቀውና ወደ 10,000 የሚጠጉ ሕፃናትን ወደ ብሪታንያ ያሻገረው የነፍስ አድን ሥራ አካል ነበር። እንግሊዛውያን ባልና ሚስት ተቀብለው አሳደጓቸው።

በ1962 ሸርሊ «ፍሪላንስ ፕሮግራመርስ» የተባለውን ድርጅት በመኖሪያ ቤታቸው የምግብ ጠረጴዛ ላይ አቋቋሙ። በዘገባዎች ሁሉ የሚጠቀሰው መነሻ ገንዘብ ስድስት ፓውንድ ነው። ድርጅቱ ሶፍትዌር ይሸጥ ነበር። በዚያን ጊዜ ሶፍትዌር ከኮምፒውተሩ ጋር በነጻ የሚሰጥ ተጨማሪ ነገር ተደርጎ ይታይ ስለነበር ብዙዎች በሐሳቡ ሳቁበት። ሸርሊ «ስቴፈኒ» ብለው ፈርመው የላኳቸው ደብዳቤዎች መልስ አጡ። በባለቤታቸው ምክር «ስቲቭ» ብለው መፈረም ሲጀምሩ ግን የኩባንያ ኃላፊዎች በሩን ይከፍቱላቸው ጀመር፤ ደብዳቤውን የጻፈው ወንድ አለመሆኑን የሚያውቁት ከገቡ በኋላ ነበር።

ድርጅቱ የጭነት ባቡሮችንና የአውቶቡሶችን የጉዞ መርሐ ግብር፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ቁጥጥርን የመሳሰሉ ሥራዎችን ሠራ። የኮንኮርድ አውሮፕላን የበረራ መረጃ መቅጃ ፕሮግራምም በየቤታቸው ሆነው በሚሠሩ የዚሁ ድርጅት ሴቶች የተዘጋጀ ነበር። ስሙ በየጊዜው እየተለወጠ «ኤፍ ኢንተርናሽናል»፣ ኋላም «ዛንሳ» ተባለ። በ1996 በለንደን የአክሲዮን ገበያ ተመዘገበ፤ በ2007 ደግሞ «ስቴሪያ» የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ገዛው። ሸርሊ ከሩብ በላይ የሚሆነውን የኩባንያ ድርሻቸውን ለሠራተኞቻቸው አስተላልፈው ነበርና 70 ያህል ሠራተኞች ሚሊየነር ሆኑ። እርሳቸው በ2025 በ91 ዓመታቸው ዐረፉ።

ስድስቱ ፓውንድ የሸፈኗቸው ሀብቶች

ይህ ታሪክ ሲተረክ ስድስቱ ፓውንድ ጎልተው ይወጣሉ፤ ከባዶ መነሣትን ያሳያሉና። ነገር ግን ከስድስቱ ፓውንድ ጎን የነበረው ሀብት ሲዘረዘር «ባዶ» የሚለው ቃል ቦታ ያጣል።

የመጀመሪያው ሀብት ትምህርት ነው። ሸርሊ የተማሩበት የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከፍተኛ ሒሳብ አያስተምርም ነበር። ስለሆነም በአቅራቢያው ባለው የወንዶች ትምህርት ቤት ገብተው እንዲማሩ ልዩ ፈቃድ ተሰጣቸው። አንድ ኃላፊ ያን ፈቃድ ቢከለክል ኖሮ ኋላ የመጣው ሁሉ ባልመጣ ነበር ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው የመንግሥት ተቋም ነው። በ18 ዓመታቸው የብሪታንያ ፖስታ ቤት የምርምር ጣቢያ በሚገኝበት ዶሊስ ሂል ተቀጠሩ። ይህ ጣቢያ በጦርነቱ ዘመን መሐንዲሱ ቶሚ ፍላወርስና ባልደረቦቹ «ኮሎሰስ» የተባለውን የምስጢር መፍቻ ኮምፒውተር የሠሩበት ነው። ሸርሊ በዚያ ከዘመኑ ምርጥ መሐንዲሶች ጋር አብረው ሠሩ፤ በማታ ትምህርትም ለስድስት ዓመታት ተምረው በሒሳብ ዲግሪ አገኙ። በ1962 የምግብ ጠረጴዛቸው አጠገብ ሲቀመጡ ከአሥር ዓመት በላይ የሥራ ልምድና በሙያው ውስጥ የሚያውቋቸው ሰዎች ነበሯቸው።

ሦስተኛው ቤት ነው። ባለቤታቸው ዴሪክ ሸርሊ የፊዚክስ ባለሙያ ነበሩ። ድርጅቱ ከስድስቱ ፓውንድ ሌላ የተንቀሳቀሰው መኖሪያ ቤታቸውን አስይዘው በተበደሩት ገንዘብ እንደሆነ ሸርሊ ራሳቸው በአደባባይ ተናግረዋል። አራተኛው ዜግነት ነው፤ ስደተኛዋ ሕፃን አዋቂ ስትሆን እንግሊዛዊት ዜጋ ሆና በመንግሥት ተቋም ልትቀጠር ችላለች።

ይህን መዘርዘር የሸርሊን ብርታት ማሳነስ አይደለም። ይልቁንም ብርታታቸው ያረፈበትን መሬት ማሳየት ነው። ስድስቱን ፓውንድ ብቻ የሚያስተምር መምህር ለተማሪው የሚሰጠው መልእክት «ያልተሳካልህ ስላልጸናህ ነው» የሚል ነው። መልእክቱ ሐሰት ነው፤ ጎጂም ነው።

ገበያው የጣለው እውቀት

ከሁሉ የሚበልጠው ሀብት ግን ከድርጅቱ ውጭ፣ በብሪታንያ ጓዳዎች ውስጥ ተበትኖ የነበረው ነው። በ1950ዎቹ ኮምፒውተር ላይ መሥራት በብዛት የሴቶች ሥራ ነበር። ሆኖም ሴት ስታገባ፣ ይልቁንም ስትወልድ፣ ሥራዋን እንድትተው ይጠበቅባት ነበር። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ያገቡ ሴቶችን ከሥራ የሚያግደው ደንብ በአብዛኛው የተነሣው በ1946 ቢሆንም ልማዱ ከደንቡ በኋላም ረጅም ዕድሜ ነበረው። በለንደን የአክሲዮን ገበያ ሴቶች አባል እንዲሆኑ የተፈቀደው እንኳ በ1973 ነው።

እንግዲህ ይህች አገር በአንድ በኩል የፕሮግራም ጸሐፊ እጥረት አለብኝ ትላለች፤ በሌላ በኩል በገዛ ገንዘቧ ያሠለጠነቻቸውን ባለሙያዎች ልጅ ስለወለዱ ብቻ ታሰናብታለች። ማር ሂክስ በ2017 ባሳተሙት «ፕሮግራምድ ኢንኢኳሊቲ» በተሰኘ መጽሐፍ ብሪታንያ በኮምፒውተር ረገድ የነበራትን ቀዳሚነት እንድታጣ ካደረጓት ምክንያቶች አንዱ ሴት ባለሙያዎቿን መግፋቷ መሆኑን በሰነድ አስደግፈው ተከራክረዋል።

ሸርሊ ያዩት ይህን ክፍተት ነው። አዝመራ ከታጨደ በኋላ ባለእርሻው እንደማይረባ ቆጥሮ የተወውን እሸት የሚለቅም ቃራሚ ይኖራል፤ ልዩነቱ እዚህ የተተወው ቃርሚያ ሳይሆን የአዝመራው ምርጥ ክፍል መሆኑ ነው። ከመጀመሪያዎቹ 300 ሠራተኞች ወንዶች የነበሩት ሦስት ብቻ ናቸው። ሌሎቹ በአብዛኛው ሙያቸውን በትዳርና በልጅ ምክንያት የተዉ ሴቶች ነበሩ። ለቅጥር ከሚፈለጉት ነገሮች አንዱ በቤት ውስጥ ስልክ መኖሩ ነበር፤ ያን ጊዜ ስልክ በየቤቱ አልነበረምና።

ቤትን የሥራ ቦታ ያደረገው አሠራር

የተጣለ እውቀት መኖሩን ማየት አንድ ነገር ነው፤ እንዲሠራ ማድረግ ሌላ። የሸርሊ እውነተኛ ፈጠራ ያለው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው ብለን እናምናለን።

የዘመኑ የፕሮግራም ሥራ ለዚህ ያመቸ ነበር። ባለሙያዋ የሥራውን ቅደም ተከተል በእርሳስ በወረቀት ትነድፋለች፤ ከዚያ ኮዱን ትጽፋለች፤ ወረቀቱ በፖስታ ወደ ኮምፒውተር ማዕከል ይላካል፤ እዚያም በካርድ ወይም በወረቀት ጥቅልል ላይ ይበሳል፤ ስሕተት እንዳይኖርም ደግሞ ይበሳል። ኮምፒውተሩ ጋር እስኪደርስ ድረስ ያለው ሥራ በሙሉ ሕፃን በተኛበት ክፍል ሊሠራ ይችላል። ቀጣሪዎች ሁሉ ይህን ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን ሥራን የሚለኩት በመሥሪያ ቤት ተገኝቶ በመቀመጥ ስለነበር ያወቁትን አልተጠቀሙበትም።

ሸርሊ ልኬቱን ለወጡት። ለደንበኛ የሚቀርበው ዋጋ በሰዓት የሚሰላ ሳይሆን ለተጠናቀቀ ሥራ አስቀድሞ የተቆረጠ ነበር። ይህን በማድረግ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበሩ። የውሉ ጥቅም ከሒሳብ አያያዝ ያለፈ ነው። ዋጋው የተቆረጠ ሲሆን ደንበኛው ሥራው በቀን ይሠራ በሌሊት፣ በቢሮ ይሠራ በወጥ ቤት የሚጠይቅበት ምክንያት አይኖረውም። አሠራሩ የሠራተኞቹን የትርፍ ሰዓትና የቤት ውስጥ ሁኔታ ከገበያው ንቀት ጋረደ። በስልክ ሲነጋገሩ የልጅ ልቅሶ እንዳይሰማ የጽሕፈት መኪና ድምፅ በቴፕ ቀድተው ያሰሙ እንደነበር የሚነገረውም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው፤ አንባቢን ፈገግ ቢያሰኝም የሚነግረን ነገር ግን መራራ ነው። የሥራው ጥራት ሳይለወጥ እናትነት መሰማቱ ብቻ ውል ያሳጣ ነበርና።

በየቤቱ የተበታተኑ ሰዎች አንድ ፕሮግራም በጋራ እንዲጽፉ ደግሞ የሥራ ደረጃ፣ የሰነድ አያያዝና የቁጥጥር ሥርዓት ያስፈልጋል። ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚሠሩ ሰዎች በቃል የሚጨርሱትን እነዚህ ሴቶች በጽሑፍ መጨረስ ነበረባቸው። ድክመት የመሰለው መበታተን ሥርዓትን ወለደ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ብሂል እውነት የሚሆነው ድሩን የሚያያይዝ ሥርዓት ሲኖር ነው።

ስደተኝነትስ?

በዚህ ላይ ሊነሣ የሚችል ተገቢ ተቃውሞ አለ። ሸርሊ ራሳቸው ሕይወታቸው የተረፈው በሌሎች ቸርነት መሆኑን፣ ስለሆነም ለመትረፍ የሚገባ ሕይወት ለመኖር መወሰናቸውን ደጋግመው ተናግረዋል። ለውጥን አለመፍራትንም ከዚያ ጉዞ እንዳገኙት ያምኑ ነበር። ታዲያ ስደተኝነታቸውን ወደ ጎን መተው ይቻላል?

መተው አይቻልም፤ ክብደቱን መመዘን ግን ይቻላል። ለዚህም ማነጻጸሪያ አለን። በ1950ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት ኤልሲ ሸት የተባሉ የፕሮግራም ባለሙያ በእርግዝና ምክንያት የኩባንያ ሥራቸውን ለቀቁ፤ ከዚያም እንደ እርሳቸው ካሉ ሴቶች ጋር ሆነው «ኮምፒውቴሽንስ ኢንኮርፖሬትድ» የተባለ፣ እናቶች በየቤታቸው ሆነው ፕሮግራም የሚጽፉበት ድርጅት መሠረቱ። የታሪክ ተመራማሪዋ ጃኔት አባቴ በ2012 በወጣው «ሪኮዲንግ ጀንደር» በተባለው መጽሐፋቸው ሁለቱን ሴቶች ጎን ለጎን አጥንተዋቸዋል። ሸት ስደተኛ አልነበሩም፤ አሜሪካ ተወልደው አሜሪካ ያደጉ ናቸው። ውቅያኖስ የሚለያቸው ሁለት ሴቶች፣ የአንዷ የልጅነት ታሪክ ከሌላዋ ጋር ሳይመሳሰል፣ ወደ አንድ ዓይነት መፍትሔ ደረሱ። የሚያመሳስላቸው የተማረችን እናት የሚያሰናብት የሥራ ገበያና በጓዳ ሊሠራ የሚችል አዲስ ሙያ መኖሩ ነው።

ከዚህ የምንወስደው ድምዳሜ መጠነኛ ነው። ስደተኝነት ሸርሊ ለምን እንደተጉ፣ እስከ ምን እንደታገሡ፣ ሀብታቸውንም ለምን እንዳከፋፈሉ ያስረዳ ይሆናል። ድርጅቱ ለምን እንደቻለ ግን በቂ ማብራሪያ አይሆንም። መነሣሣትንና መቻልን መለየት ያስፈልጋል፤ የስኬት ተረኮች በብዛት የሚስቱት ይህን ልዩነት ነው።

የተከፈለው ዋጋ

የስኬት ሰንጠረዦች ዋጋ የሚባል ዓምድ የላቸውም። የሸርሊ አንድ ልጅ ጃይልስ በ1963፣ ድርጅቱ በተቋቋመ በዓመቱ ተወለደ። ሕፃኑ መናገር ጀምሮ ነበር፤ በኋላ ግን ንግግሩን አጣ፤ ከባድ ኦቲዝም እንዳለበትም ታወቀ። ሸርሊ ኩባንያ እየመሩ ይህን ልጅ አሳደጉ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኢኮኖሚ ድቀት ድርጅቱ ሊወድቅ ተቃርቦ ነበር፤ በዚያው አሥርት ዓመት የእርሳቸውም ጤና ተናግቶ ሆስፒታል ገቡ። ጃይልስ በ1998 በ35 ዓመቱ ዐረፈ። ሸርሊ ከሀብታቸው ከፍተኛውን ክፍል ለኦቲዝም ትምህርትና ምርምር፣ እንዲሁም ለኮምፒውተር ዘርፍ ሰጡ፤ የኦክስፎርድ የኢንተርኔት ተቋምም በእርሳቸው ልግስና ከተመሠረቱት አንዱ ነው።

ዋጋ የከፈሉት እርሳቸው ብቻ አልነበሩም። የድርጅቱ የመጀመሪያ ሠራተኞች ቋሚ ተቀጣሪዎች ሳይሆኑ በነጻ ውል የሚሠሩ ነበሩ። ሥራ ሲጠፋ ክፍያም ይጠፋል። ያ አሠራር ለሴቶቹ ነጻነት ሰጠ፤ የገበያውን አደጋም ትከሻቸው ላይ ጫነ። ባለንብረትነትን ለሠራተኞች ማካፈል የተደረገው ዘግይቶ ቢሆንም የዚህ ሚዛን ማረሚያ አድርገን ልናየው እንችላለን። ዛሬ በስልክ መተግበሪያ ሥራ የሚያከፋፍሉ ኩባንያዎችን የሚያጠና ተመራማሪ ይህን ጥያቄ ከዚያ ዘመን ጀምሮ ሊከተለው ይገባል፦ ተለዋዋጭ የሥራ ሰዓት የማን ነጻነት ነው? አደጋውስ የማን ነው?

ሌላም የማይዘለል ነገር አለ። በ1975 ብሪታንያ የጾታ አድልዎን የሚከለክል ሕግ አወጣች። ሕጉ ለሴቶች ተብሎ የወጣ ቢሆንም ሴቶችን አስቀድሞ መቅጠርን ሕገ ወጥ ስላደረገ የሸርሊ ድርጅት ወንዶችን እንዲያስገባ ተገደደ። ሁሉንም በእኩል ዓይን የሚያይ ሕግ ሁሉም እኩል ባልቆሙበት ሜዳ ላይ ሲወርድ የሚያመጣውን ውጤት ለሚያጠኑ የሕግና የፖሊሲ ተማሪዎች ጉዳዩ ጥሩ ማሳያ ነው።

ለእኛ ጥናቶች ምን ማለት ነው?

ይህ ታሪክ የብሪታንያ ነው፤ እንዳለ ወደ ኢትዮጵያ የሚቀዳ ሞዴል አይደለም። ሊቀዳ የሚችለው ጥያቄው ነው። በሥራ ፈጠራ ላይ የሚሠሩ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች የተሳካላቸውን ሥራ ፈጣሪዎች ብቻ መርጠው መጠይቅ ማስሞላትን የሚመርጡ ከሆነ፣ የሚያገኙት መልስ የተሳካላቸው ሰዎች ስለ ራሳቸው የሚያምኑትን ነው። ተመሳሳይ ጽናት ኖሯቸው ያልተሳካላቸው በናሙናው ውስጥ የሉም። ስለዚህ የሚከተሉትን ሦስት አቅጣጫዎች ለውይይት እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ከኩባንያው ሳይሆን ከተጣለው እውቀት እንነሣ። ከኮምፒውተር ሳይንስና ከምሕንድስና ትምህርት ክፍሎቻችን የተመረቁ ሴቶች ከአምስት፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የት ናቸው? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል። ከዘጠና ቀን በኋላ ያለውን ሕይወት ግን አዋጁ አይነግረንም። የቀድሞ ምሩቃንን ተከታትሎ የሚያጠና ሥራ ስለ አንዲት ስኬታማ ሴት ከሚጻፉ አሥር መጣጥፎች የበለጠ ሊያስተምረን ይችላል።

ሁለተኛ፣ አገራችን ስደተኛ የሚወጣባት ብቻ ሳትሆን ስደተኛ የምትቀበልም መሆኗን እናስታውስ። የስደተኞች ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኞች እንዲማሩና በሕግ ማዕቀፍ ውስጥ እንዲሠሩ መብት ሰጥቷል። ከጎረቤት አገሮች የመጣች የሒሳብ መምህርት ወይም የሒሳብ ሠራተኛ ይህን መብት ወደ ሥራ ለመለወጥ ምን ይጎድላታል? የትምህርት ማስረጃ እውቅና ነው? የባንክ ሒሳብ ነው? ዋስ ነው? የዶርትሙንዷ ሕፃን ሒሳብ እንድትማር ያስቻላት አንድ ልዩ ፈቃድ ነበር። በእኛ ዘንድ ያ ፈቃድ በማን እጅ እንዳለ ማወቅ ለጥናት የሚበቃ ርእስ ነው። በውጭ አገር ከሙያቸው በታች እየሠሩ ስለሚኖሩ የተማሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶችም ተመሳሳይ ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ለአሠራር ትኩረት እንስጥ። የሥራ ልኬት፣ የውል ዓይነት፣ የክፍያ ሥርዓት፣ የሰነድ አያያዝ ለተረክ አይመቹም፤ የሰው ልብም አይነኩም። ኩባንያን የሚያቆሙት ግን እነዚህ ናቸው። አንዲት ሥራ ፈጣሪ ስታነጋግሩ ስለ ልጅነቷ ከጠየቃችሁ በኋላ የመጀመሪያ ውሏንም አሳዩኝ በሏት።

መደምደሚያ

ስቴፈኒ ሸርሊ ሊደነቁ ይገባል። አድናቆታችን ግን ወደ እውነቱ ቢጠጋ ይሻላል። እርሳቸው ሌሎች ያላዩትን የሰው እውቀት አይተው፣ በውልና በሥርዓት አያይዘው፣ ትርፉንም ከሠሩት ጋር ተካፍለዋል። ይህን እንዲያደርጉ የተቀበላቸው ቤተሰብ፣ የፈቀደላቸው ትምህርት ቤት፣ ያሠለጠናቸው የመንግሥት ተቋም ነበሩ። ከ10,000 ሕፃናት አንዷ ስትነሣ ማጨብጨብ ቀላል ነው። የተመራማሪ ሥራ በዚያ ባቡር ካልተሳፈሩት፣ ተሳፍረውም ፈቃድ ካላገኙት፣ ፈቃድ አግኝተውም ከወለዱ በኋላ ከተሰናበቱት ጋር አብሮ መቁጠር ነው።